በሁለት ጣት

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ቀን ቀን ጨዋ ነው። ሰው ሲያወራ፣ ቴሌቪዥን ሲጮህ፣ ድስት ሲንተከተክ ድምፁ አይሰማም። መብራት ጠፍቶ ብርድ ልብስ እስከ አገጭ ሲሳብ ግን «ጠብ» ይላል። ጠብታው እንኳ ይቻላል፤ የማይቻለው በሁለት ጠብታ መሃል ያለው ዝምታ ነው። ጆሮ ቀጣዩን ይጠብቃል፣ ቀጣዩ ይዘገያል፣ «በቃ ቆመ» ብሎ ሰው ጎኑን ሲያዞር... «ጠብ»።

ከዚያ የሚሆነው በየቤቱ አንድ ነው። በባዶ እግር ተሂዶ፣ ጥርስ ተነክሶ፣ እጀታው ይጠበቃል። እኔ በዚህ ዘዴ ብዙ ወር ገፍቻለሁ። ሲቆይ ቧንቧውን መዝጋት የሚችል ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ፤ የቤቱ ሰው እጁን ታጥቦ «ና ዝጋልን» ይለኝ ጀመር። ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። በሽታው ራሴ መሆኔን ያወቅኩት ኋላ ስፈታው ነው።

እጀታው ብዙ ዙር የሚዞር ቧንቧ ውስጡ አንድ ዘንግ አለው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ሳንቲም የምታክል ጎማ፣ ባለሙያዎች ጎሚኒ የሚሏት፣ ተቀምጣለች። ሲዘጋ ዘንጉ ይወርድና ጎማዋን ከናስ በተሠራ ክብ አፍ ላይ ይጫናታል። ውሃውን የሚያቆመው የጎማዋ ልስላሴ ነው፤ የእኔ ጡንቻ እዚህ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ከልክ በላይ ስትጫን የናሱ አፍ እላይዋ ላይ ክብ ቦይ ይቆፍርባታል፣ በቦዩ ውሃ ይሾልካል፣ ሰውዬው ይብስ ያጠብቃል፣ ቦዩም ይብስ ይጠልቃል። አሸዋ ቢጤ በመሃል ከገባማ ናሱንም ይጭረዋል። በሙቅ ውሃው በኩል ያለችው ደግሞ ሙቀት ስለሚያደርቃት ቶሎ ታረጃለች።

እጀታው ሩብ ዙር ብቻ ዞሮ የሚዘጋ ከሆነ፣ ወይም ሙቁንና ቀዝቃዛውን በአንድ እጀታ የሚያቀላቅል ከሆነ፣ ውስጡ ጎማዋ የለችም። ያለው ካርትሪጅ የሚሉት አንድ ወጥ የመዝጊያ ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜም ሙሉውን አውጥቶ በዚያው ዓይነት መተካት ነው መድኃኒቱ። ውሃው የሚወጣው ከአፉ ሳይሆን ከእጀታው ሥር ከሆነም ጎማዋን አትውቀሱ፤ ዘንጉን የከበበው ማሸጊያ ነው ያለቀው።

«ጠብታ ምን አላት» ለሚል ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ጠብታ በግምት ሩብ ሚሊሊትር ናት። በየሰከንዱ አንድ ጠብ ካለች በቀን 86,400 ጠብታ፣ ማለትም 21 ሊትር ተኩል ገደማ ይሆናል። በዓመት ወደ 7,900 ሊትር። ይህን ያህል ውሃ ነው በእንቅልፍ ልቤ የቆጠርኩት።

ለድምፁ ብቻ ከሆነ ቶሎ የሚደርስ መላ አለ። ከቧንቧው አፍ ላይ ክር አስራችሁ ጫፉን እስከ መታጠቢያው ወለል ብታወርዱት ጠብታው በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሥሩ ውሃ ያለበት ዕቃ ካስቀመጣችሁ ደግሞ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት። ቀልድ አይደለም፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራና በውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ተከታትለውታል። «ጠብ» የሚለው ጠብታው ውሃውን ሲመታ ሳይሆን ከውሃው ገጽ በታች የምትያዝ ትንሽ የአየር አረፋ ስትርገበገብ ነው። ሳሙናው የውሃውን ገጽ ውጥረት ይቀንሰዋል፣ ድምፁም ይጠፋል። የምርምሩ መሪ ሐሳቡ የመጣለት ብራዚል ወዳጁ ቤት አድሮ፣ ከሚያፈስ ጣሪያ ባልዲ ውስጥ የሚወርድ ጠብታ እንቅልፍ ስለነሳው ነው። ሰው በእንቅልፍ እጦት ጥናት ያሳትማል፤ እኔ እጀታ አጠብቃለሁ።

ወደ ጥገናው ስንመጣ የቪዲዮ ነገር አለ። ቪዲዮው 4 ደቂቃ ነው፣ ሙዚቃ አለው፣ የሚጠግነው ሰውዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ቧንቧው ከሱቅ የወጣ እንጂ ዝገት አይቶ አያውቅም። ዘንጉን ከቧንቧው አካል ጋር የያዘው ዳዶ እንቢ ሲል ደግሞ ምስሉ ይቆረጥና ተፈትቶ እናየዋለን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ዋና ገብታ ሞተች የሚባለው ለእኛ ለተመልካቾቹ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦ ካቻቢቴ፣ እንግሊዝ ቁልፍ፣ ጨርቅ፣ ባልዲ፣ አዲስ ጎማ። መጀመሪያ ውሃው ይዘጋል። ከመታጠቢያው ሥር ሁለት ትንንሽ መዝጊያዎች ካሉ፣ እንደተለመደው ከሆነ ሙቁ በግራ ቀዝቃዛው በቀኝ ነው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ያላሰብኩት፣ ሰው ጭንቅላቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ በጀርባው ሲተኛ ግራና ቀኙ እንደሚገላበጥ ነው። እኔ ግራዬ ያልኩት ቆሞ ለሚያይ ቀኝ ነው። የሚያንጠባጥበው ሙቁ፣ የዘጋሁት ቀዝቃዛው።

ለዚህ ነው ምንም ከመፍታት በፊት ቧንቧውን ከፍቶ ማየት የሚያስፈልገው። ውሃው ቀጥኖ፣ ቀጥኖ ከቆመ ተዘግቷል። ካልቆመ አልተዘጋም። ጥቂት ሰከንድ የሚወስድ ነገር ነው፤ እኔ ግን ቸኩዬ ዘለልኩት። ቤት ውስጥ ያለ ውሃ ግፊቱ 3 ባር ቢሆን፣ ያ 30 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ከሥሩ የሚጫነው ያህል ነው። የእኛ ጣሪያ ከወለሉ 2 ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ የዳዶው የመጨረሻ ጥርስ ሲለቅ ውሃው ጣሪያው ጋ ደርሶ ገና ጉልበት ነበረው። ባለቤቴ ከበሩ ብቅ ብላ «አሁን ተሠራ ማለት ነው?» አለችኝ።

ሁለተኛው የሚዘለል ነገር የፍሳሽ ቀዳዳውን መድፈን ነው። እጀታው ላይ ያለችው ሰማያዊ ወይም ቀይ ክዳን በካቻቢቴ ጫፍ ስትነሳ ከሥሯ እጀታውን የያዘች ትንሽ ብሎን ትገኛለች። ይህች ብሎን ከእጅ ስታመልጥ ወለሉ ላይ ወድቃ አታውቅም። ቀዳዳውን ታውቀዋለች። ጨርቅ ጣል ማድረግ በቂ ነበር።

ጨርቁን የረሳ ሰው ሲፎኑን ይፈታል። ሲፎን ከመታጠቢያው ሥር ያለችው ጥምዝ ቱቦ ናት፤ ሁልጊዜ ውሃ የምትይዘው የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ነው። የፕላስቲክ ከሆነች በእጅ ትፈታለች፣ ብሎኗም ፀጉርና የሳሙና ጭቃ ለብሳ እዚያ ትጠብቃለች። ከሥሯ ባልዲ ማስቀመጥ ግድ ነው። አስቀመጥኩ። ውሃው ባልዲው ውስጥ ገባ፣ ብሎኗ ተገኘች፣ ደስ አለኝ። ቆሻሻውን ውሃ ግን የት ልድፋው? ሰው ልማዱ ነው፤ ባልዲውን አንስቼ እዚያው መታጠቢያው ውስጥ ገለበጥኩት። ሲፎኑ ግራ እጄ ላይ ነበር። ውሃው በተለመደው ቀዳዳ ወርዶ፣ በተለመደው ፍጥነት፣ የተለመደው ቱቦ ሲያጣ እግሬ ላይ አረፈ። የሲፎን ውሃ ሽታ ከጨርቅ ጫማ በአንድ እጥበት አይለቅም፤ ይህንንም ያዙልኝ።

ዳዶውን ለመፍታት እንግሊዝ ቁልፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ አለዚያ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ይላጣል። እጀታውን ቀድማችሁ ጥቂት ዙር ወደ መክፈቻው አዙሩት፤ ጎማዋ አፉ ላይ ተጭና እያለች መታገል ጥርሱን ይጎዳል። በሌላው እጃችሁ የቧንቧውን አካል አጥብቃችሁ ያዙ። ካልያዛችሁት ዳዶው ቆሞ ቧንቧው በሙሉ ይዞራል፣ ከሥር ያለው ቱቦም ይጣመማል። በነጭ የውሃ ጨው የተጣበቀ ከሆነ አቼቶ የነከረ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት ጠምጥሙበት፤ አሲዱ ጨዉን አረፋ እያስወጣ ይበላዋል። ቪዲዮው የቆረጠው ይህን ግማሽ ሰዓት ነው።

አሮጌዋን ጎማ ሳትይዙ አዲስ ለመግዛት አትሂዱ። ዓይን ይዋሻል፤ ሁለት ሚሊሜትር የምትሰፋ ጎማ አትገባም፣ የምትጠብ ደግሞ አትዘጋም። ሱቁ ከተዘጋ አሮጌዋን ገልብጣችሁ ጀርባዋን ወደ ታች አድርጋችሁ መልሷት። ጠፍጣፋ ከሆነችና ጀርባዋ ካልተበላ ለጊዜው ትሠራለች። አዲሷን ከማስገባታችሁ በፊት ጣታችሁን በናሱ አፍ ዙሪያ አሽከርክሩ፤ የሚቧጥጥ ነገር ካለ አዲሷም በቅርቡ እንደ አሮጌዋ ትሆናለች፣ አፉን የሚያለሰልስ መሣሪያ ያለው ባለሙያ መጥራት ይሻላል።

ስለ ቴፍሎን፣ ስለዚያ ነጭ ስስ የማሸጊያ ጥቅልል፣ አንድ ነገር ልበል፤ ጥቅልሉን የያዘ ሰው ሁሉን መጠቅለል ያምረዋልና። ቴፍሎን ጥርስ ለጥርስ ለሚገናኝ ብረት ነው። ውስጡ የጎማ ማሸጊያ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ አያስፈልገውም፤ የሚዘጋው ጎማው ነው። የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ጥርሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ከ3 እስከ 5 ዙር ጠምጥሙ። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ብሎኑ ሲገባ ቴፍሎኑን እየፈታው ይገፋዋል። ሲጨርሱ ነጭ ጢም አውጥቶ የሚታይ መገጣጠሚያ ከየት እንደመጣ አሁን ታውቃላችሁ።

ውሃው ሲለቀቅ በዝግታ ይሁን፤ ከአፉ ጫፍ ያለችውን ማጣሪያም ቀድማችሁ ፍቷት፣ የተነቃነቀው ዝገት እዚያ ይሰበሰባልና። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ወተት መስሎ ቢነጣ አትደንግጡ፤ አየር ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ ከታች ወደ ላይ ይጠራል።

የኛው ተዘጋ። በሁለት ጣት፣ ያለ ምንም ትግል። ችግሩ ቤተሰቡ ለወራት በሙሉ ክንድ ሲዘጋ ኖሮ እጁ አልተመለሰም፤ እኔን ጨምሮ። ጎማዋ ሳምንት ሳትሞላ እንዳትሞትብኝ ብዬ ከመስታወቱ ሥር በትልልቅ ፊደል «በሁለት ጣት ብቻ!» ብዬ ለጠፍኩ።

ማታ ትንሹ ልጃችን እጁን ታጥቦ ሲመጣ አየሁት። ሁለት ጣቱ ንጹህ ነው። ሌላው እንደነበረ ነው።