የምግብ ሰዓት ማስተካከል፦ ፈተናው እራት ላይ ነው

«16 ሰዓት ጹም፣ በቀሪው 8 ሰዓት ብላ» ብሎ የሚያሰናብት ምክር እስካሁን ያበሳጨኛል። ስምንቱ ሰዓት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ አይናገርም፤ ዋናው ጉዳይ ግን እሱ ነው። ያልተነገረው ሰው የሚቀለውን ይመርጣል፤ ቁርሱን ትቶ እስከ ምሽት 2 ሰዓት ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይህንኑ 116 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት ሞክሮ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ የበሉት፣ በቀን ሦስቴ ከበሉት የተለየ ክብደት አልቀነሱም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የቅድመ ስኳር ችግር (የደም ስኳር ከመደበኛው ከፍ ብሎ ገና የስኳር በሽታ ያልሆነ) ያለባቸው ጥቂት ወንዶች የቀኑን ምግብ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲጨርሱ ተደረገ። ክብደታቸው ሳይቀንስ በ5 ሳምንት ውስጥ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን (ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባውን ሆርሞን) በተሻለ መጠቀም ጀመረ፤ የደም ግፊታቸውም ወረደ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ምክንያቱ ቆሽት ላይ ነው። የአንጎል ዋና ሰዓት በብርሃን ይመራል፤ የጉበት፣ የቆሽትና የጡንቻ ሰዓቶች ግን ምግብ የሚገባበትን ጊዜም ይከተላሉ። ምሽት ላይ፣ ከመኝታ 2 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሜላቶኒን የተባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ደም ውስጥ መጨመር ይጀምራል። ቆሽት የሜላቶኒን ተቀባይ ስላለው የኢንሱሊን ምርቱን ይቀንሳል። በዚያ ሰዓት የተበላ ምግብ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል።

ለውጥ ከመጀመሬ በፊት የማደርገው የደም ስኳር ልኬት ነው። አንድ ዓይነት ምግብ፣ ለምሳሌ 100 ግራም ነጭ ዳቦ፣ አንድ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሌላ ቀን ምሽት 2 ሰዓት መብላት። ከምሽቱ ልኬት በፊት ቢያንስ 5 ሰዓት ምንም አይበላም። ከመብላት በፊት፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ 1 ሰዓት በኋላና 2 ሰዓት በኋላ ይለካል። ጣት በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ፍራፍሬ የነካ ጣት ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርጋል፣ እርጥብ ጣት ደግሞ ደሙን ያቀጥናል። የቤት መለኪያ ከላቦራቶሪ እስከ 15 በመቶ ሊለያይ ስለሚችል የ10 ነጥብ (mg/dL) ልዩነት ምንም ማለት አይደለም። ደጋግሞ ሲለካ የምሽቱ ከጠዋቱ በ30 እና ከዚያ በላይ የሚበልጥ ከሆነ ግን እራቱ መነካት አለበት።

አሁን ወደ እራቱ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ሲወድቅም «ፈቃደ ደካማ» ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። ረሃብ ራሱ የሰውነት ሰዓት አለው፤ ምንም እንኳ ምግቡ እኩል ቢከፋፈል ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ዝቅ ብሎ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ጫፍ ይደርሳል። ስለዚህ እራትን ከምሽቱ 3 ሰዓት በአንድ ቀን ወደ 12 ሰዓት ያመጣ ሰው፣ ረሃቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ባዶ ሆዱን ይጠብቀዋል። 4 ሰዓት ላይ ማድ ቤት ይገባል፤ የሚያነሳውም ከተተወው እራት የባሰ ነው።

የሚሠራው ቅደም ተከተል ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ምሳ ይጨመራል፤ ሰዓት አይነካም። የእራቱን ሲሶ ወደ ምሳ አዛውራለሁ፤ በተለይ ፕሮቲኑን። ሰውነቱ ሳምንት ያህል ከለመደው በኋላ እራት በየ3 ቀኑ 30 ደቂቃ ቀደም ይላል፤ ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ሲደርስ ይቆማል። ጠዋት ምግብ አልገባ ካለ አያስገርምም፤ ትንሽ እንቁላል ይበቃል፤ እራቱ ሲቀል የጠዋቱ ፍላጎት ራሱ ይመጣል። ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ይጠቅማል። ስኳርና ወተት ያለው ሻይ ግን ምግብ ነው፤ ሰዓቱን ይሰብራል። ቅዳሜና እሁድ እራቱን ለ3 ሰዓት ያህል ማዘግየትም የሳምንቱን ልፋት ያፈርሳል።

የጠዋቱ የባዶ ሆድ ቁጥር ቶሎ ባይወርድ ልፋቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ንጋት ላይ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ስለሚጨምር ጉበት ስኳር ይለቃል። የእራቱን ውጤት የሚያሳየው ከእራት 2 ሰዓት በኋላ ያለው ነው፤ የስኳር በሽታ ለሌለው ሰው ከ140 በታች መሆን አለበት።

ኢንሱሊን፣ ወይም ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ የሚባሉትን የስኳር ክኒኖች የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙ መጠኑን ሳያስተካክልለት እራት መቀነስ የለበትም። መድኃኒቱ በድሮው ሰዓት ድሮ የነበረውን ምግብ ይፈልጋል፤ ሌሊት ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፣ ተኝቶም ላያውቀው ይችላል። ለነፍሰ ጡርም ይህ ሥርዓት አይሆንም።

የሌሊት ተረኛ ከሆኑ ደግሞ ዋናውን ምግብ ተረኛነት ከመግባትዎ በፊት በቀን ብርሃን ይብሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ውኃ ይብቃዎት፤ የግድ ካስፈለገ ጥቂት ፕሮቲን ይሁን፣ ዳቦና ጣፋጭ አይሁን።