አጎቴን የደበቀችው ‘ን’

እኔና ወንድሜ የአንድ እናትና አባት ልጆች ብንሆንም፣ አሜሪካ ውስጥ የሁለት ቤተሰብ ሰዎች ነን። በእኔ ፓስፖርት ላይ የአያታችን ስም እንድሪስ በእንግሊዝኛው ‘ኢ’ ይጀምራል፤ በእሱ ላይ በ‘አይ’። ጸሐፊዎቹ በጆሯቸው የሰሙትን ነው የጻፉት። እሱስ ያስቃል።

የአባቴን ታላቅ ወንድም መፈለግ ስጀምር ግን ሳቁ ቀረ። አጎቴ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከሐይቅ ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ጅዳ ገባ፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ ተባለ፤ ከዚያ ዝም። ሁለት ክረምት ሙሉ የዜግነት መዝገብና የሟቾች ማስታወቂያ ሳገላብጥ ከረምኩ። ሰይድ እንድሪስ የሚባል ሰው የለም።

መፈለጊያው ስምን በድምፁ የሚያዛምድ ሳውንዴክስ የሚባል ዘዴ አለው፤ በአውሮፓውያን 1918 የፈጠራ መብት የተሰጠው ነው። የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ይይዛል፣ አናባቢውን ይጥላል፣ ተነባቢውን ቁጥር ይሰጠዋል። ሰይድን በአራት ዓይነት ብትጽፉት ሁሉንም ኤስ-300 ላይ ይሰበስባቸዋል። ይማምና ኢማም ግን በመጀመሪያ ፊደላቸው ይለያዩበታል። (ይማም የእናቴ አያት ናቸው፤ ክርስቲያን ነበሩ። ወሎ ነው፣ አትገረሙ።)

ቋጠሮውን የፈታችው ፊደል ያልቆጠረችው የደሴዋ አክስቴ ናት። በስልክ ሳማርርባት፣ “አብሽር ልጄ! ሼሆቹ እኮ አባባን ኢድሪስ ነበር የሚሏቸው። ‘ን’ የጨመርንበት እኛ ነን” አለችኝ።

ጅዳ ላይ ወረቀቱ በዓረብኛ ሲጻፍ ‘ን’ ወድቃለች፤ አሜሪካ የደረሰውም ያ ወረቀት ነው። እንድሪስ ኢ-536፣ ኢድሪስ አይ-362። ኮምፒውተሩ በምን ያገናኛቸው?

ደግሞም እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአጎቴ የልጅ ልጆች ሐይቅ ቢወለዱ ኖሮ ሦስተኛ ስማቸው ሰይድ ይሆን ነበር፤ እንድሪስ ከኋላ ይቀራል። የአያታችንን ስም ያቆየልኝ የፈረንጅ ሥርዓት መሆኑ ይገርመኛል።

በ‘አይ’ ስፈልግ የትውልድ ቦታው ሐይቅ የሆነ አንድ ሰይድ ወጣ። አጎቴ ካረፈ ቆይቷል። ልጁን በስልክ አገኘኋት፤ አማርኛዋ ከቡና ወሬ ብዙም አይዘልም። ስሜን እስከ አያቴ ስነግራት ዝም አለች።

“እንድሪስ?” አለች ቆይታ። “አባቴ እንደዚያ ነበር የሚለው። የራሱን ስም አሳስቶ የሚጠራ ይመስለኝ ነበር።”