ሲሚንቶ ከማፍሰስ ቄጠማ መትከል

የሐረር ግቢ ተዳፋት ነው። ከሐኪም ተራራ ግርጌ ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ የጣሪያውም፣ የጎረቤቱም፣ የመንገዱም ውሃ ተያይዞ ይወርድና ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ይተኛል። የእኛው ጥግ ከቧንቧው በታች አጥሩ ሥር ነው፤ እቃ ስለሚታጠብበት በጋም አይደርቅም። ባለቤቴ «ሲሚንቶ እናፍስበትና እንገላገል» አለ። ውሃው ታዲያ የት ይሄዳል? ጎረቤት ጋ ነዋ! ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

ስለዚህ ቄጠማ ተከልን።

ለበዓል የምንጎዘጉዘውን፣ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር የሚነሰነሰውን ማለቴ ነው። በዋዜማው ገበያ ላይ ስንት እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ያውም ቤት ሲደርስ ጠውልጎ።

እርጥብ ቦታ ላይ የበቀለ ሁሉ ግን ቄጠማ አይደለም። አገዳውን ከሥሩ ጠጋ ብላችሁ ያዙና በጣታችሁ አሽከርክሩት። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከጎረበጣችሁ የቄጠማ ወገን ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም፣ እንግጫም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ፣ ሲሰበርም ውስጡ ነጭ ስፖንጅ ከሆነ፣ ሌላ ዘር ነው። እሱም ጭቃ ይወዳል፣ ለዓይንም ያምራል። ፊላን፣ ያንን አናቱ ላይ ቡናማ ዱላ የመሰለ አበባ የሚያወጣውን ረጅም የረግረግ ተክል፣ ግን ለትንሽ ግቢ በጭራሽ አልመክርም። ሥሩ ከመሬት በታች ይሮጣል፣ ዘሩ በነፋስ ይበናል፣ በኋላ ማን ያቆመዋል?

ሥሩን ያገኘሁት ከመስኖ ቦይ ዳር ነው፣ ባለማሳውን አስፈቅጄ። እንደ ዝንጅብል አንጓ እያበጀ በአግድም የሚሄድ ሥር ነው። ከዳር ዳር ቆርጣችሁ ውሰዱ፣ መሐሉን ተዉት። በእኛ በኩል ረግረግ እንደ ልብ አይገኝም። የሐሮማያ ሐይቅ ራሱ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት ሲግጥበት አይተን የለ? ውሃው ተመልሷል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከረግረግ ላይ አንድ ነገር ስነቅል እጄ ይከብደኛል።

ተከላው ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ ነው። ቅጠሉን ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። ቡቃያ ያለበትን አንጓ ጭቃው ውስጥ አጋድሙትና ጎርፍ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫኑበት። ሲያድግ በማጭድ ይታጨዳል እንጂ አይነቀልም፤ አራት ጣት ካስቀራችሁለት መልሶ ያቆጠቁጣል። በረኪና ያለበትን ውሃ ግን አታድርሱበት። እኛ የልብስ እጣቢውን በሌላ ቦይ እንሸኘዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ስትሰማ «አቦ፣ አንቺ ደግሞ ወባ በገዛ እጅሽ ታስገቢያለሽ እንዴ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ድሬ በ2011 ክረምት ትንኝ በምታስተላልፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ተመታ፤ ቤት ሙሉ ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ሲያቃስት ነበር። በ2014 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው፣ ከተማ የሚወደው የወባ ትንኝ አመሳት። ነገር ግን ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወልደው ክዳን በሌለው በርሜል፣ በአሮጌ ጎማ፣ በተጣለ ጣሳ ውስጥ ነው። ስቴፈንሲም በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንደ ልቡ ይራባል። ጭቃ ብቻውን ትንኝ አይፈለፍልም፤ የተኛ ውሃ ነው የሚፈለፍለው። እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ እስኪበር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ውሃ ከዘነበ በኋላ ለቀናት የሚተኛበትን ጎድጓዳ በአፈርና በጠጠር ሞልቼ ደልድዬዋለሁ። እግር ይሰምጣል፣ ውሃ ግን አይታይም። ቄጠማው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

እህቴን «መጀመሪያ የበርሜልሽን ክዳን አሳዪኝ» አልኳት። ዝም አለች።

አሁን እሷም ልትተክል ነው፣ የኤሲው ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ። የድሬ አፈር አሸዋ ስለሆነ ውሃ አይዝም። ጉልበት የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራ፣ ታችውን ጥቂት ቦታ የተበሳ ላስቲክ አንጥፋ፣ አፈሩን ከፍግ ጋር ቀላቅላ እስከ አፉ እንድትመልሰው ነግሬያታለሁ። በዚያ ሙቀት የኤሲው ጠብታ ብቻውን አይበቃውም፤ ማታ ማታ የአትክልት እጣቢ ትጨምርበት። ሥሩን ሰኔ ላይ ይዤላት እወርዳለሁ።