ቢጫው ዓሣ ሸወደኝ

ኮምፒውተሬ ላይ «ቢጫው ፍሮግፊሽ» የሚል ፎልደር ነበረኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ውስጡ የሦስት ዓሦች ፎቶ አለ። ሦስቱም ቢጫ፣ ሦስቱም ስፖንጅ (ባሕር ውስጥ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው) ላይ ቁጭ ያሉ፣ ሦስቱም እንዳኮረፈ ሽማግሌ ከንፈራቸውን የጣሉ። አንድ ዝርያ ናቸው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሳሳይ ከረምኩ። ለካ አይደሉም።

ለማታውቁት፣ ፍሮግፊሽ (እንቁራሪት ዓሣ ብንለው ያስኬዳል) መዋኘት ብዙም የማይወድ፣ በክንፎቹ የባሕር ወለል ላይ እየዳኸ የሚሄድ ዓሣ ነው። ግንባሩ ላይ ቀጭን ዘንግ አለው፣ የዘንጉ ጫፍ ላይ ደግሞ ማባበያ። እሱን ወዝወዝ ያደርጋል፣ አንዲት ትንሽ ዓሣ ምግብ መስሏት ትጠጋለች፣ በቃ፣ የለችም። አፉን ከፍቶ የሚውጥበት ጊዜ 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ብዙ ዓሣ ይውጣል ማለት ነው።

መከራው ያለው ቀለሙ ላይ ነው። እንደ እስስት ወዲያው ባይሆንም፣ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቆዳው የተቀመጠበትን ነገር ይመስላል። ስለዚህ ያው አንድ ዝርያ እዚህ ቢጫ፣ እዚያ ጥቁር፣ ሌላ ቦታ ሮዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በተቃራኒው ደግሞ ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ቢጫ ስፖንጅ ላይ ሲከርሙ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። እኔን የሸወደኝ ይሄ ነው።

ታዲያ ምን ይታያል? መጀመሪያ ዘንጉና ማባበያው። በጣም የሚምታቱት ባለቀለሙ (አንቴናሪየስ ፒክተስ) እና ባለኪንታሮቱ (አንቴናሪየስ ማኩላተስ) ናቸው። ስማቸው ራሱ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ባለቀለሙም ላይ ኪንታሮት የመሰለ እብጠት አይጠፋም። ፎቶውን አሳድጋችሁ ከዘንጉ ቀጥሎ ያለውን ሁለተኛውን የጀርባ እሾህ እዩ። ባለቀለሙ ላይ ይህ እሾህ ለብቻው ቆሟል፣ ከኋላው ቆዳ አልያዘውም። ባለኪንታሮቱ ላይ ግን ወደ ኋላ ጎበጥ ብሎ በሰፊ ቆዳ ከጭንቅላቱ ጋር ተያይዟል፣ ሸራ እንደተወጠረበት ምሰሶ። አንዴ ይህን ካያችሁ በኋላ ዓይናችሁ ራሱ እየሄደ ይፈልገዋል። የባለኪንታሮቱ ማባበያ ደግሞ ቁርጥ ትንሽ ዓሣ ነው የሚመስለው፣ ዓይን የመሰለ ነጥብ ሳይቀር አለው! የባለቀለሙ ጅራት ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ክብ ነጥቦች ይታያሉ። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ግዙፉ (አንቴናሪየስ ኮመርሰኒ) ነው። ሙሉ ሲያድግ ከ30 ሴንቲ ሜትር ስለሚያልፍ ችግር የለም፣ ባለኪንታሮቱ እዚያ አይደርስም። ልጅ ሲሆን ግን መጠን ምንም አይነግራችሁም። ያኔ የጎን ክንፉን፣ ያንን እጅ የሚመስለውን፣ አጥንቶች ቁጠሩ። ግዙፉ 11 አለው፣ ሁለቱ ሌሎች አብዛኛውን ጊዜ 10። አዎ፣ ፎቶ ላይ አጥንት መቁጠር አሰልቺ ነው። አንድ ማታ ሙሉ ቆጥሬ 11 ያልኩትን በማግስቱ 10 ብዬዋለሁ።

ባለመስመሮቹ ይቀላሉ። አንቴናሪየስ ስትራያተስ እና አንቴናሪየስ ሂስፒደስ ሁለቱም ሰውነታቸው ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሏቸው፣ ነገር ግን የመጀመሪያው ማባበያ የተንጠለጠሉ ትሎች ይመስላል፣ የሁለተኛው ደግሞ እንደ ጥጥ የተፈለፈለ ኳስ ነው። ፀጉራም (ፀጉር የመሰለ የቆዳ ጭራ ያለው) መሆኑን አትመኑ፤ ስትራያተስ ፀጉሩ ተንጨባሮም ይገኛል፣ ልሙጥ ሆኖም ይገኛል።

እንግዲህ ማባበያ ማባበያ እያልኩ የማልነግራችሁ እንዳይመስላችሁ፣ ማባበያው ሊጠፋም ይችላል። ዓሣ ነክሶ ይቆርጠዋል፣ ቆይቶ መልሶ ያድጋል። ስለዚህ ጫፉ ባዶ የሆነ ዘንግ ካያችሁ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብላችሁ አትጩኹ።

ቀለም ዋጋ የለውም እያልኩ ቆይቼ አንድ ጉድ ላውራ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከባሊ የመጡ ሁለት ዓሦች ቴድ ፒትሽ ዘንድ ደርሰው ነበር። ሰውየው የዚህ የዓሣ ቤተሰብ ትልቁ አዋቂ ነው። ነገር ግን የሞተ ዓሣ እንዳይበሰብስ በሚቀመጥበት ፈሳሽ ውስጥ ቀለማቸው ነጥቶ ጠፋ፣ እሱም የሚታወቅ ዝርያ ናቸው ብሎ አስቀመጣቸው። በ2008 አምቦን፣ ኢንዶኔዥያ፣ ጠላቂዎች ፊቱ ላይ ነጭና ቡኒ መስመር የተጠማዘዘበት ፍሮግፊሽ ሲያገኙ ነው ነገሩ የተገለጠው። የባሊዎቹም ለካ እሱው ነበሩ፣ በ2009 አዲስ ዝርያ ሆኖ ሂስቲዮፍራይን ሳይከደሊካ ተብሎ ተሰየመ። የዚህኛው መስመር እንደ ጣት አሻራ ከዓሣ ዓሣ ይለያያል። በዚህ ዓሣ ዋናው ምልክት የጠፋው ቀለም ነበር። ትልቁ አዋቂ ከተሸወደ እኔማ ምን ይፈረድብኛል?

ወደ ፎልደሬ ልመለስ። አንደኛው ቢጫ እሾሁ ለብቻው ቆሟል፣ ባለቀለሙ ነው። ሁለተኛው ሸራው ፍንትው ብሎ ይታያል፣ ባለኪንታሮቱ። ሦስተኛው ዘንጉን ወደ ኋላ አጥፎ፣ እሾሁን አጣብቆ፣ የጎን ክንፉን ስፖንጁ ሥር ቀብሮ ነው የተነሳው። ከሥሩ «አንቴናሪየስ፣ የትኛው እንደሆነ እንጃ» ብዬ ጻፍኩበት።