የድሮ የወርቅ ክሮኖግራፍ ስትገዙ

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ አንድ የቆየ የስዊዘርላንድ የወርቅ ክሮኖግራፍ (እንደ ሩጫ ሰዓት ጊዜ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት) ክዳኑ ተከፍቶ አየሁ። ውስጡ ያለው ሞተር ላንደሮን 48 የሚባለው ነው፤ በእጅ የሚሞላ፣ ፍትጊያ የሚቀንሱ 17 ድንጋዮች ያሉት። እንዴት ያምራል!

ብዙ ሰው "ተበላሽቷል" የሚለው አሠራሩን ባለማወቅ ነው። የዚህ ሞተር የላይኛው ቁልፍ የቆጣሪው ማስነሻ ብቻ ነው። የሚያቆመው የታችኛው ነው፤ ሲደገም ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሳል። የላይኛው አላቆመም ብላችሁ በኃይል አትጫኑት።

18 ካራት ከሆነ ክዳኑ ላይ 750 የሚል ማህተም ፈልጉ። "20 ማይክሮን" የሚል ካለ ቅብ ነው፤ ውፍረቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ። የወርቁን መጠን በሚዛን መገመት አያዋጣም፤ የብዙዎቹ ወርቅ ስስ ነው፣ ሞተሩም ወርቅ አይደለም። ስስ ስለሆነም ማስወልወል ማህተሙን ያጠፋል፣ ጠርዙን ይበላል። እባካችሁ አታስወልውሉ።

ቆጣሪውን ስታስነሱት ሰዓቱ ራሱ ከቆመ፣ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ደርቋል፤ ተፈትቶ መታጠብና እንደገና መቀባት አለበት። የቆጣሪው መርፌ ሲመለስ ዜሮን አልፎ የሚያርፍ ከሆነ ግን ዘንጉ ላይ ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ቀላል ነው።

ውሃ በቁልፎቹ ዙሪያ ይገባል። ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስትወርዱ ቤት ይቆይ።