የአንድ መድብል ታሪክ፦ ከማውጫው የተማርኩት

የጎራዴና የአስማት ልቦለድ እወዳለሁ። «ሶርድ ኤንድ ሶርሰረስ» (ጎራዴና ጠንቋይት) የተባለውን የአጫጭር ልቦለድ መድብል ታሪክ ልጽፍ ስነሳ ግን የጀመርኩት ከማውጫው ነው። የየቅጹን ማውጫ ትልቅ ደብተር ላይ ጎን ለጎን ገለበጥኩ። ደራሲው ማን ነው? ባለታሪኳ ማን ናት? በሌላ መጽሐፍስ ተመልሳ መጥታለች? ብዙውን ነገር ያወጣልኝ ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

በፊት በዚህ ዘርፍ ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ትታፈናለች፣ ወይ ለጀግናው ሽልማት ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1979 ጄሲካ አማንዳ ሳልመንሰን ጀግኖቹ ሴቶች የሆኑበትን «አማዞንስ!» የተባለ መድብል አሰናዳች። የዓለም ፋንታሲ ሽልማትንም አገኘ። በ1984 ደግሞ ደራሲዋ ማሪየን ዚመር ብራድሊ በዚያው አሳታሚ፣ በዶው ቡክስ፣ ሶርድ ኤንድ ሶርሰረስን ጀመረች።

የመጀመሪያው ቅጽ ማውጫ ላይ ወንዶችም አሉ፤ ግሌን ኩክ፣ ቻርልስ ዴ ሊንት፣ ቻርልስ ሳውንደርስ። ታሪኩን የምትመራው ሴት ትሁን እንጂ የጸሐፊው ጾታ አያግድም ነበር። ሳውንደርስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የጻፈው ግን ከአፍሪካ ታሪክ እየቀዳ ነው። የእሱ ባለታሪክ ዶሱዬ መነሻዋ በምዕራብ አፍሪካ የነበረው የዳሆሜ መንግሥት ሴት ወታደሮች ናቸው። ፈረስ አትጋልብም፤ ግቦ የሚባል የጦር በሬ አላት። በ«አማዞንስ!» ያገኘኋት ዶሱዬ እዚህም ብቅ ስትል ደብተሬ ላይ በቀይ አሰመርኩባት። ያኔ ነጮች በሞሉት ዘርፍ ውስጥ አንዲት አፍሪካዊት በበሬዋ ላይ ሆና ከመድብል መድብል ስታልፍ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በ3ኛው ቅጽ የደራሲዋን የሜርሴዲስ ላኪን ባለታሪኮች፣ ታርማንና ኬትሪን አገኘሁ። በ1988 የራሳቸው መጽሐፍ ወጣላቸው። አጭር ልቦለድ ለደራሲ እንዴት በር እንደሚከፍት የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ብራድሊ የጀማሪዎችን ጽሑፍ ትቀበል ነበር። ከየታሪኩ በፊት ስለ ጸሐፊው አጭር መግቢያ ታሰፍራለች። እነዚያን መግቢያዎች አትዝለሏቸው፤ አርታኢዋ ምን ትፈልግ እንደነበር ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

ሌላው የተማርኩት ሽፋን ላይ ያለ ስም ብቻውን እንደማይታመን ነው። ብራድሊ በመስከረም 1999 ሞታለች፤ ስሟ ግን እስከ 20ኛው ቅጽ፣ እስከ 2003 ድረስ አርታኢ ተብሎ ወጥቷል። 21ኛውን ዳያና ፓክሰን አዘጋጀች። ከዚያ ዶው ተወው። በ2007 ኤሊዛቤት ዋተርስ በሌላ አሳታሚ ከ22ኛው ቀጠለች፤ 34ኛው በ2019 ወጣ።

ከባዱ ክፍል ሌላ ነው። በ2014 የብራድሊ ልጅ እናቷ በልጅነቷ እንደበደለቻት፣ ጾታዊ ጥቃትም እንዳደረሰችባት በአደባባይ ተናገረች። ይህን ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ መሸጎጥ አልፈለግኩም። የአርታኢዋን ሥራ ባወራሁበት ምዕራፍ፣ በዋናው ጽሑፍ ላይ አስገባሁት። የደራሲዎቹን ድካም ግን ለእሷ አላስረከብኩም። ለዚህ ነው ምዕራፎቹን በቅጽ ቁጥር ሳይሆን በባለታሪኮቹ ስም የከፈልኳቸው፤ የመጀመሪያው የዶሱዬ ነው።