ከትንሽ ከተማ ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎችን እንዴት እንደማግዝ

መጀመሪያ ላይ መደወል የምጀምረው ተማሪዎቹ ግቢ ከገቡ በኋላ ነበር፤ ያኔ ግን ጊዜው አልፏል። አሁን ከመሄጃቸው 8 ሳምንት አስቀድሜ እጀምራለሁ፤ በአንድ ጊዜም ከ5 ተማሪ በላይ አልይዝም። ከዚያ ሲበልጥ ማን ድምፁን እንዳጠፋ አይታወቅም፤ በዚህ ሥራ ደግሞ የችግር የመጀመሪያ ምልክት ዝምታ ነው።

ወረቀቱ ቀላሉ ነገር ነው። ዋናው ሰነድ በአንድ ማኅደር፣ 3 ኮፒ በሌላ ቦርሳ፣ ፎቶው ስልክ ላይ፣ አንድ ኮፒ ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጣል። የምዝገባና ኮርስ የመተው ቀነ ገደቦችን ተማሪው ራሱ በእጁ ይጽፋቸዋል። ኮርስ መተው እንደሚቻል ብዙ አዲስ ተማሪ የሚሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ለሴሚስተሩ የተያዘ ገንዘብ ቶሎ የሚያልቀው ተማሪው አባካኝ ስለሆነ አይደለም። የመኝታው፣ የደብተሩና የትራንስፖርቱ ወጪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይደራረባል፤ ያንን ያየ ልጅ በቀጣዩ ሳምንትም በዚያው ልክ ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን የመቋቋሚያ ወጪ ለብቻ እናነሳለን፤ ከቀሪው አንድ አሥረኛው ለሕመምና ለድንገተኛ ጉዞ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የተረፈውን በሳምንታቱ ቁጥር እናካፍላለን።

ብዙውን ጊዜዬን የምሰጠው ለመጠየቅ ልምምድ ነው። በትንሽ ትምህርት ቤት መምህሩ ልጁን በስም ያውቀዋል፤ ሲደክም አይቶ ራሱ ይጠራዋል። በትልቅ አዳራሽ ግን ያልጠየቀ ተማሪ አይታይም። «ያልገባህን ጠይቅ» ማለት ብቻውን አይሠራም፤ ልጁ ምን ብሎ እንደሚጀምር አያውቅማ። ሦስት ዓረፍተ ነገር እናዘጋጃለን፦ ማን ነኝ፣ ከየትኛው ክፍል፤ የቆምኩት የትኛው ገጽ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ እስካሁን ምን ሞክሬያለሁ። እኔ መምህሩን ሆኜ ሦስት ጊዜ እንለማመዳለን። በሦስተኛው «አሁን ጊዜ የለኝም» እላለሁ፤ «መቼ ብመጣ ይመችዎታል?» ማለትን እንዲለምዱ። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፣ ችግር ባይኖርም፣ አንድ መምህር ቢሮ ሄደው እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ጉብኝት ከውድቀት በኋላ ከሆነ እፍረቱ ከበሩ ይመልሳቸዋል።

እያንዳንዱን ከአንድ ሲኒየር (ነባር ተማሪ) ጋር አገናኛለሁ፤ ከዚያው ዲፓርትመንት፣ ከትንሽ ከተማ የመጣ። የምመርጠው ግን አንደኛ የሚወጣውን አይደለም፤ በመጀመሪያው ፈተና ወድቆ የተነሳውን ነው። ግሪጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ «እዚህ ቦታዬ አይደለም» የሚለው ስሜት በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደና የሚያልፍ መሆኑን ከነባር ተማሪዎች አንደበት ለአዲስ ገቢዎች አቅርበው ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የፈጀ ነገር ነው፤ የጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ውጤት ግን በቀጣዮቹ 3 ዓመታት ተሻሽሏል። እኔም ሲኒየሩን የምለምነው ምክር እንዳይሰጥ ነው፤ ያኔ ምን ተሰምቶት እንደነበርና ምን እንዳደረገ ብቻ ይንገራቸው።

ስልክ የምደውለው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በሳምንት ሁለቴ፣ እስከ 6ኛው ሳምንት በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በየ15 ቀኑ ነው። «እንዴት ነሽ?» ካልኩ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው። «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላሽ?»፣ «ከትናንቱ ክፍል ያልገባሽ የቱ ነው?» ስል ግን ነገሩ ይወጣል። ብቻዋን የበላችበት ቀን ሦስት ከደረሰ ለሲኒየሯ እንድነግር ፈቃዷን እጠይቃለሁ።

ከወላጆች ጋር አስቀድሜ እነጋገራለሁ። «ታናናሾችህ አንተን ነው የሚያዩት» የሚለው ቃል በፍቅር ይነገራል፤ ልጁ ግን ሲወድቅ እንዲደብቅ ያደርገዋል። በምትኩ «ውጤቱ ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ ለእኛ ንገረን» እንዲሉት እለምናቸዋለሁ። የስልኩ ቀንም አስቀድሞ ይቆረጥ፤ በየማታው «ናፍቀኸናል» መባል ልጁን ከዶርም ጓደኞቹ ይነጥለዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው የፈተና ውጤት ነው። ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ ራሱን መካከለኛ ላይ ሲያገኝ «ደደብ ነኝ» ይላል፤ ስልክ ማንሳትም ያቆማል። ውጤቱ በወጣ በ2 ቀን ውስጥ የፈተና ወረቀቱን ይዘን ስህተቶቹን በሦስት እንከፍላለን፦ ጭራሽ ያላጠናው፣ አጥንቶ ጥያቄውን ያልተረዳው፣ ጊዜ ያጠረው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛው ብዙ ነው፤ በተለይ የማስተማሪያው ቋንቋ ከአፍ መፍቻው ሲለይ። መፍትሔውም ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ አይደለም፤ ደብተር ዘግቶ የቆዩ ጥያቄዎችን በሰዓት መሥራት ነው።

የራሴ ትልቁ ስህተት በእነሱ ፋንታ ሬጅስትራር መደወሌ ነበር። ጉዳዩ በ10 ደቂቃ ያልቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜም የሚደውሉት ለእኔ ነው። አሁን ምን እንደሚሉ አብረን እናዘጋጃለን፤ መስኮቱ ድረስ ሲሄዱም ስልኩ ላይ እቆያለሁ። ተራቸው ሲደርስ ስልኩን ይዘጋሉ።